ስምንት ቁጥር ካንዴላ

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ከጦር ኃይሎች እስከ ሳንሱሲ ድረስ ድምፁን ሰምቼ በሽታውን ያላወቅሁለት ሞተር የለም። ባሕር ዳር የቆመ አይሱዙ በስልክ አዳምጬ አስነስቻለሁ። ሾፌሩ ስልኩን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠው፣ እኔ እዚህ ቀራንዮ ሆኜ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ከዚያ «ናፍጣ የለህም» አልኩት። እሺ፣ ሞተሩ ስላልተነሳ የሰማሁት ድምፅ አልነበረም። ከተማውም ባሕር ዳር ሳይሆን አምቦ ነው። ግን ናፍጣ የለህም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ናፍጣም አልነበረውም።

ይህን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። ለዚህ ምስክር አለኝ። ባለቤቴ ኢፍቱ አጠገቤ ተቀምጣ «እስክሪብቶውን እንደ ቁልፍ አትጨብጠው፣ ይሰበራል» እያለች ታየኛለች። የማታ ትምህርቱን እኔና የክፍል ጓደኞቼ ሰኔ ላይ ጨረስን። መምህርት ሸዋገነት ሲያሰናብቱን «በየቀኑ ካልጻፋችሁ እጃችሁ ይረሳል። ምንም ይሁን፣ የዋላችሁትን ጻፉ» አሉን። ይኸው ጻፍኩ።

አንድ ነገር ግን እስካሁን አልገባኝም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ሦስት። «መምህርት፣ እኛ ጋራዥ አንድ ዓይነት ብሎን በሦስት ሳጥን አናስቀምጥም» ብላቸው «ከግዕዝ የመጣ ነው» አሉኝ። ግዕዝ ጋራዥ ቢከፍት ኖሮ ዕቃ ፈልገን አናገኝም ነበር።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሶፊ መጣች። የባለ ሚኒባሱ የኪዳን ልጅ ናት። የአባቷን ሚኒባስ ስፈታና ስገጥም እያየች ነው ያደገችው። አሁን የራሷን አመጣች። ተገጭታ የተጣለች ትንሽ የጃፓን መኪና ገዝታ፣ ለዓመታት ስትገጣጥም ቆይታ፣ ይኸው ቆመች። ቱርቦ አላት። መስከረም ላይ ልትወዳደርባት ነው።

«ጋሽ ዱባለ፣ ዝም ብዬ ስነዳት ደህና ናት። እስከ መጨረሻው ስረግጣት ግን ትንተባተባለች» አለችኝ።

ቱርቦ ምን እንደሆነ ለዚህ ደብተር ልንገረው። በጭስ የሚሽከረከር ወናፍ ማለት ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ያዞረዋል፣ እሱ ደግሞ አየር ጨምቆ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ይከታል። አየር ሲበዛ ቤንዚን ይጨመራል፣ ቤንዚን ሲጨመር ጉልበት ይመጣል። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ግን ካንዴላው እሳት ልስጥ ሲል ነፋስ ላይ ክብሪት እንደሚጭር ሰው ይሆናል። ጭር ያደርጋል፣ ይጠፋበታል። መንተባተቡ እሱ ነው። ይህን ወዲያው ነው ያወቅሁት። እውነቴን ነው።

አብሯት ላፕቶፕ የያዘ ልጅ አለ፣ ኤልናታን ይባላል። የሞተሯን ኮምፒውተር የሚያስተካክልላት እሱ ነው፤ ግፊቱንም የጨመረው እሱ ነው።

«ጋሽዬ፣ አብሯት የመጣው ካንዴላ ለዚህ ግፊት ይሞቃል። ሁለት ደረጃ ቀዝቃዛ ያስፈልጋታል። ክፍተቱም ጠበብ ይበል» አለኝ።

ቀዝቃዛ! ጋራዡ በሙሉ እስኪሰማ ሳቅሁ። እኛ ቀዝቃዛ ካንዴላ የምንለው የሞተውን ነው። እሳት አልሰጥም ሲል «ቀዝቅዟል» ብለን አውጥተን እንጥለዋለን።

«ቀዝቃዛ ካንዴላ ነው የምትፈልገው? ያውልህ በርሜሉ፣ ሙሉ ነው፣ ምረጥ!» አልኩት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሶፊም ሳቀች። ኤልናታን «አይ ጋሽ ዱባለ፣ ቀዝቃዛ ማለት እኮ...» ብሎ ጀመረ፤ ሳቁ ዋጠው።

«ለእኔ ተዪልኝ» አልኳት።

ሶፊ ሳቋን አቆመች። «ጋሽ ዱባለ፣ ይሄ ሞተር ከተቃጠለ ሌላ የለኝም። እዚህ አገርም አይገኝም። ውድድሩም በዚያው አበቃ ማለት ነው።»

«በእኔ እጅ ሞተር ተቃጥሎ ያውቃል?»

(አንድ አለ። እሱም ዘይት አልነበረውም።)

ሐምሌ 6፣ እሁድ

ቀዝቃዛ ማለት እኮ... ምን ሊል ነበር?

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

አራቱን ካንዴላዎች አውጥቼ አጸዳሁ። ጀርባቸው ላይ ያለውን ቁጥር በራሴ ዓይን አነበብኩ፤ ስድስት። ክፍተታቸውን በሴጌቶ ምላጭ አጠበብኩት። የመጀመሪያው የጋራዥ ጌታዬ ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው፤ ብረት መቁረጫውን ምላጭ ጫፉና መንጠቆው መሃል ታስገባለህ፣ ሳይጨነቅ ካለፈ ልክ ነው። ሶፊ ነድታ ተመለሰች። «ይሻላል። ግን ጫፍ ላይ አሁንም ትንሽ ትይዛለች» አለች።

ማታ ስልኬ ጮኸ፤ መልእክት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ መልእክት ሲመጣ «መነጽሬን ረስቼ ነው» እያልኩ ሰው ሳስነብብ ነው የኖርኩት። መነጽር የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅ። ዛሬ ግን ራሴ አነበብኩ፤ «ጋሽ ዱባለ ስምንት ቁጥር ይሁን። ኤልናታን።» አንድ ፊደል አልሳትኩም። ለኢፍቱም ደግሜ አነበብኩላት።

«ስምንት ቁጥር ምንድነው?» አለች።

«ካንዴላ ነዋ።»

«እና አንተ ቀዝቃዛ አልፈልግም ብለህ አልነበር?»

ይህች ሴት ጋራዥ መጥታ አታውቅም፤ ወሬው ግን እንዴት ቀድሞኝ ቤት እንደሚገባ አላውቅም። «ቀዝቃዛ አላለም፣ ስምንት ነው ያለው» አልኳት።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ጦር ኃይሎች፣ አምሐ ዕቃ ቤት። ዝናቡ ከፌርማታው እስከ ሱቁ በር ድረስ አጥቦኝ ገባሁ። አምሐ ከድሮ ጀምሮ ዱቤ ነው የሚለኝ። ዛሬ ከጀርባው ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት፤ «ዱቤ የለም»።

«አንተ ሰውዬ፣ ስሜን ሰቅለህ የለም ትላለህ? ይኸው መጥቻለሁ!» አልኩት።

ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። «ማን አነበበልህ?» አለ።

«እኔ!» አልኩ። ሱቅ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባን። የጃፓኑ ስምንት አልቋል። መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። የጀርመኑ ስምንት አለ።

«ያው ነው?» አልኩት።

«ስምንት ስምንት ነው ዱቤ። ጀርመንም ቢሆን ከሰባት ቀጥሎ ነው የሚቆጥረው።»

ይዤው ከሄድኩት አሮጌ ካንዴላ ጋር አስተያየሁት። ጥርሱ አንድ፣ ርዝመቱ አንድ፣ ቁልፉም አንድ። ቁጥሩን ራሴ አነበብኩ፤ ስምንት። ሳጥኑ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ነበር፣ ጽሑፉ ጤፍ የሚያክል፣ የፈረንጅ ፊደል።

«ምን ይላል?» አለኝ አምሐ። እኔን እያየ ነው፤ አሁን አንባቢ ነኝ።

ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞርኩት። ዓይኔን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አመላለስኩት። «የአገጣጠም መመሪያ ነው» ብዬ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ገጠምኳቸው። መንተባተብ የለ፣ ምን የለ! ሶፊ ከቀራንዮ ወደ ላይ አንድ ጊዜ ሄዳ ስትመለስ መሪውን በሁለት እጇ እየደበደበች ነበር። «ጋሽ ዱባለ! ጠፋ! ሙሉ በሙሉ ጠፋ!» ወርዳ አቀፈችኝ፣ ልብሷ በግሪስ ተበላሸ።

ኤልናታን ለሥራ ወደ አዳማ ሄዷል። መልእክት ላከ፤ «ስምንቱ ገባ?» የሚል።

እኔም ጻፍኩ። በሕይወቴ የላክሁት የመጀመሪያ መልእክት ነው። «ገባ።»

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ጋራዡ ሙሉ ነው። ለአንድ ባለ ታክሲ «ካንዴላ ከእንግዲህ በቁጥር ነው የሚመረጥ፣ በዓይን ቀረ» ስለው ከኋላ አንዱ «ጋሽ ዱባለ ፊደል ከቆጠሩ ወዲህ መኪናውም ተማረ» አለ። ይበል። ቀዝቃዛ ካንዴላ የሚባለውንም ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ ማለት ጀምሬያለሁ። ማንም «ስቀውበት አልነበር?» አላለኝም። ሶፊ ብቻ ፈገግ አለች።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ሶፊ መንገድ ላይ አገኘችኝና እስከ አስኮ ወሰደችኝ። ዳገቱ ላይ ረገጥ አደረገቻት። ዝናብ ነበር።

አንድ ድምፅ ሰማሁ። ከጣሪያው ይሁን ከፊት እንጃ። ሽምብራ ጣሳ ውስጥ ከትተህ እንደመነቅነቅ ያለ፣ ቀጭን፣ ወዲያው የሚጠፋ።

ዝናቡ ነው።

ማታ። እንቅልፍ የለም። ዝናብ ነበር እኮ። ከባድ ዝናብ። የመኪና ጣሪያ በዝናብ እንደዚያ ያደርጋል።

ግን ዳገቱን ጨርሰን እግሯን ስታነሳ ድምፁ ቆመ። ዝናቡ አልቆመም።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ሶፊን «ለአጠቃላይ ምርመራ አምጪያት» አልኳት። አንዱን ካንዴላ አወጣሁ። ነጩ ሸክላ በጣም ነጭ ሆኗል፣ የአጥንት ነጭ። እሱ ላይ ደግሞ ትንንሽ የሚያብለጨልጩ ነጠብጣቦች አሉ፣ የብር ቃሪያ ፍሬ ይመስላሉ። ቤንዚኑ ይሆናል። ሰሞኑን ቤንዚን ቆሻሻ ነው ይባላል።

«እንዴት ነው?» አለችኝ ከጀርባዬ።

በጨርቅ ጠረግሁት። «ነጭ ነው፣ ንጹሕ» አልኩ። መለስኩት።

አሉሚኒየም ነው የሚመስለው። ሞተሩ ሆድ ውስጥ አሉሚኒየም የሆነ ነገር ፒስተኑ ነው። ቤንዚኑ ይሆናል።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ሥራ በዝቷል። ሁለት ፍሪሲዮን፣ አንድ ራዲያተር። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። ኢፍቱ ሱሪዬን ልታጥብ ስትል ቀማኋት። «ምን ደብቀህ ነው?» አለች። «መመሪያ» አልኩ። «ታዲያ አታነበውም?»

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

መምህርት ሸዋገነት ጋ ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ ለአዲሱ ዓመት ይመዘግባል፣ እሳቸው ደጅ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል።

«አቶ ዱባለ! ምን ይዘው መጡ?»

«የቤት ሥራ» ብዬ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ላብ አርሶት ማጠፊያው ላይ ተሰንጥቋል። መነጽራቸውን አደረጉ። የእሳቸው እውነተኛ ነው።

ብዙውን በልባቸው አነበቡ። ከዚያ ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አደረጉና «እዚህ ጋ ስለ ሙቀት ይላል። ቁጥሩ እያነሰ ሲሄድ ካንዴላው ይቀዘቅዛል፣ ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ ይሞቃል ነው የሚለው። ካንዴላ ሙቅና ቀዝቃዛ አለው እንዴ?» አሉ።

«እንደገና ያንብቡልኝ።»

አነበቡ። ያው ነው።

«አቶ ዱባለ፣ ምነው ፊትዎ ተለዋወጠ? ቀዝቃዛ ማለት ምንድነው?»

መሬቱ ላይ በብሎን ሣልኩላቸው። ጫፉን የከበበ ነጭ ሸክላ አለ አልኳቸው። ሸክላው ረጅም ከሆነ እሳቱ ውስጥ ተዘርግቶ ሙቀቱን ይዞ ይቀመጣል። አጭር ከሆነ ለብረቱ ቶሎ ያቀብልና ይገላገላል። ቀዝቃዛ የሚባለው ይሄ ነው፤ እሳቱ አንድ ነው፣ ሙቀት አያቆይም እንጂ። እየተናገርኩ ራሴን ሰማሁት፤ ስሙን አላውቅም ነበር እንጂ ነገሩን እጄ ያውቀው ኖሯል። ኤልናታን «ቀዝቃዛ ማለት እኮ» ብሎ የጀመረውን እኔ ጨረስኩለት።

«ሙቀቱን ይዞ ቢቀመጥስ?» አሉኝ።

«ይግላል። እንደ ፍም ይቀላል። ከዚያ ብልጭታውን ሳይጠብቅ፣ ፒስተኑ ገና እየወጣ ሳለ ቤንዚኑን ያቀጣጥለዋል። ፒስተኑ ወደ ላይ፣ እሳቱ ወደ ታች። ይጋጫሉ።»

«ከዚያስ?»

«ፒስተኑ ይበሳል።»

ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። ከዚያ በጣም በቀስታ «ለመኪናው ባለቤት ዛሬውኑ ይንገሩ» አሉ።

«ዛሬውኑ» አልኩ።

ቤት ገብቼ ሳሰላው የጃፓኑ ቁጥር ሲጨምር ይቀዘቅዛል፤ ከስድስት ወደ ስምንት የተባልኩት ለዚህ ነው። የጀርመኑ ተገላቢጦሽ ይቆጥራል። እኔ የገጠምኩት ስምንት ካወጣሁት ስድስት እንኳ ይሞቃል። ስምንትን በትክክል አንብቤያለሁ። በትክክል!

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ደወልኩላት። አነሳች።

«ጋሽ ዱባለ! ልደውልልዎት ነበር። ኤልናታን መጥቷል። እሁድ በአምቦ መንገድ ወጣ ብለን በሙሉ ግፊት እንሞክራታለን። ያለ እርስዎ አይሆንም፣ ይመጣሉ አይደል?»

«እመጣለሁ።»

«አደራ!»

ዘጋች። ልነግራት ነበር የደወልኩት። እንዲህ ያለ ነገር ግን በስልክ አይነገርም። እሁድ ፊት ለፊት፣ ሞተሩ ሳይነሳ።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

አምሐ ጋ ሄድኩ። የጃፓኑ ስምንት አልመጣም። ሌላ ሱቅ፣ የለም። ሌላም፣ የለም። «ምን ሆነ ያ ስምንት?» አለኝ አምሐ። «ምንም» አልኩት። ነገ፣ ሞተሩ ሳይነሳ።

ነሐሴ 11፣ እሁድ

ሞተሩን አስነስታ ነው የመጣችው። በሩ ላይ ቆማ ጡሩምባ ነፋች፣ ገባሁ። ኤልናታን ከፊት ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ እኔ ከኋላ። ቡራዩን እንለፍና እነግራታለሁ አልኩ። ቡራዩ አለፈ። ሲያቆሙ እነግራታለሁ አልኩ። አላቆሙም። ክረምት ቢሆንም ሰማዩ ተከፍቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሶፊ እየዘፈነች ነበር፤ እንዲህ ስትሆን አይቻት አላውቅም።

መንገዱ ጭር ሲል ኤልናታን «አሁን» አላት። ረገጠችው። ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። ቱርቦው አፏጨ፣ ኤልናታን የግፊቱን ቁጥር ጮክ ብሎ መጥራት ጀመረ፣ ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ዛሬ ቀጭን አልነበረም። ጠጠር ቆርቆሮ ላይ እንደ መድፋት ነው።

«ሶፊ፣ አቁሚ!» አልኩ። ጮክ ብዬ። እግሯን አነሳች፣ ዳር ይዛ አቆመች።

ኤልናታን ኮፈኑን ከፍቶ፣ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ አንዱን ፈታ። የመንጠቆው ጫፍ ተንጠባጥቦ እንደ ቀለጠ ሻማ ክብ ሆኗል። ወደ ፀሐዩ አዞረው፣ ጽሑፉን አየ።

«ይሄ እኮ የጀርመኑ ነው። ጋሽ ዱባለ፣ ይሄ ስምንት ያኛው ስምንት አይደለም። ይሄ ተገላቢጦሽ ነው የሚቆጥረው።»

«አውቃለሁ» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

ሶፊ ዘወር አለች። «ያውቃሉ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሐሙስ።»

ካንዴላውን ከነጨርቁ ከኤልናታን እጅ ተቀበለች። አንድ የጭነት መኪና አለፈ፣ ነፋሱ ሦስታችንንም ገፋን። ዓይኗ ካንዴላው ላይ ነበር። ከዚያ ቀስ እያልን፣ ሞተሩን እንደ ታመመ ሰው እየደገፍን ተመለስን። ቀራንዮ ላይ ወረድኩ።

«ደህና ይዋሉ አቶ ዱባለ» አለች።

አቶ። ጋሽ አላለችም።

ዋናው ግን አቁሚ ማለቴ ነው። ባልል ኖሮ ፒስተኑ ተበስቶ ነበር። ማንም ይህን አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። ግን ብያለሁ፣ እዚህ ተጽፏል።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ቡሄ። ልጆቹ ጅራፍ ባጮሁ ቁጥር እደነግጣለሁ። መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ባዶ ነው። አንዱ «ጋሽ ዱባለ፣ ዛሬ ሁሉ ነገር ቀዘቀዘ አይደል?» አለኝ። እነሱ ከመሳቃቸው በፊት እኔ ሳቅሁ።

ከሰዓት ኤልናታን መልእክት ላከ። «በካሜራ አየናቸው። ሦስተኛው ፒስተን ጠርዙ ትንሽ ተበልቷል፣ አልተበሳም። ይሠራል።» ደጋግሜ አነበብኩት። አልተበሳም። አልተበሳም። ተበሳም የሚለው ላይ «አል» መኖሩን በጣቴ እየነካሁ አየሁ።

ኢፍቱ «ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልእክቱን አላነበብኩላትም፤ የእሁዱን ገጽ አነበብኩላት። «አቁሚ!» የሚለው ጋ ስደርስ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

መጣች። ብቻዋን። መኪናዋን እዚያው ድሮ ቦታዋ ላይ አቆመችና አንድ ሳጥን የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ከዱባይ የሚመላለስ ሰው አምጥቶላት ነው።

«ያንብቡልኝ» አለች። «ጮክ ብለው።»

ጋራዡ በሙሉ ወደ እኛ ዞረ። አንዱ መዶሻውን ሳይቀር አስቀመጠ። ሳጥኑን አነሳሁ።

«ስምንት» አልኩ።

«ሌላውስ?»

ዓይኔን ከግራ ወደ ቀኝ ልወስድ ጀመርኩ። እያየችኝ ነው። የት ላይ እንደምቆም እንኳ አላውቅም።

«ሌላው የእኔ ፊደል አይደለም ሶፊ። አላውቀውም።»

የሚስቅ ሰው ጠበቅሁ። ማንም አልሳቀም፤ ያ ይብሳል። እሷ አጠገቤ መጥታ ጣቷን ሳጥኑ ላይ እያደረገች አንድ በአንድ ነገረችኝ። ይሄኛው የጥርሱ ስፋት ነው፣ ይሄኛው የርዝመቱ፣ ይሄ ሙቀቱ። የጃፓን ነው፤ ሲጨምር ይቀዘቅዛል። ደግሜ ነገርኳት። ልክ ነው አለች። ከዚያ የካንዴላ ቁልፉን ወደ እኔ ገፋችው።

«ይግጠሙ።»

ክፍተቱን በምላጭ ላድርግ ስል ቁጥር የተጻፈበት ስስ መለኪያ ከኪሷ አወጣች። በእሱ ሠራሁ። አራቱንም ከእኔ ኋላ ደግማ ለካቻቸው። አልከፋኝም።

ከፋኝ። ግን ትለካ።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

እዚያው መንገድ ላይ ሞከርናት። ሙሉ ግፊት። ፉጨቱ ብቻ፣ ሌላ ምንም የለ። ካንዴላውን አውጥተን ስናየው ብስኩት መስሏል፣ ቡናማ፣ ነጠብጣብ የሌለው።

ስንመለስ ኤልናታን ወደ ኋላ ዞሮ «ጋሽዬ፣ ዛሬ መንገዱ ጠጠር የለውም አይደል?» አለኝ። ሶፊ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ፊት አየች። የቀልዱን ነገር ዛሬ አልጽፈውም፣ ደክሞኛል።

መስከረም 4፣ እሁድ

ውድድሩ ተካሄደ። አራተኛ ወጣች። ከእሷ በፊት የወጡትን መኪናዎች ብታዩአቸው አራተኛ ማለት አንደኛ ነው። እሺ፣ አራተኛ ነው። ሞተሩ ግን በእግሩ ተመልሷል። ኮፈኑ ላይ እጄን አሳርፌ ሲቀዘቅዝ ጠቅ ጠቅ እያለ ሰማሁት፣ የደህና ሞተር ድካም። ሰዎች ከበዋት «መካኒክሽ ማነው?» ሲሏት በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። «ጋሽ ዱባለ ናቸው» አለች።

መስከረም 6፣ ማክሰኞ

ትናንት ኢፍቱ ሶፊን ለምሳ ጠራቻት። ዶሮው ተበልቶ ሳይነሳ ኢፍቱ ያንን እሁድ አነሳችው። ለጎረቤቱ ሁሉ ስታወራው ሰንብታለች፤ ለካ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«እሱ 'አቁሚ!' ባይልሽ ኖሮ ምን ይውጥሽ ነበር የኔ ልጅ!» አለቻት።

ሶፊ እጇ ገበታው ላይ እንዳለ ቆመ። አየችኝ። ኢፍቱን አየቻት።

«እንደዚያ ነው የነገሩዎት?»

«ምን መንገር፣ አነበበልኝ እንጂ! ደብተሩ ላይ አለ፣ በእጁ የጻፈው ነው።» ኢፍቱ ፊደል አልቆጠረችም። የተጻፈ ነገር ለእሷ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው።

ሶፊ እንጀራ ቆረሰች። «ከተጻፈማ እሺ» አለች፣ ጎረሰች። ከዚያ በኋላ ስለ ውድድሩ ብቻ ነው ያወራችው፤ ስትወጣም ኢፍቱን ስማ፣ እኔን «ደህና ይሁኑ ጋሽ ዱባለ» ብላ ሄደች። ብታጋልጠኝ ይሻለኝ ነበር።

በአፌ ስንቱን አጋንኛለሁ። የተናገርኩት ማታ ይረሳል፤ ሰውም በግማሹ ነው የሚሰማኝ፣ ዱባለ ነው ይላል። ይሄኛው ግን ዛሬ ገልጬ ሳየው እዚያው ነው፤ ፊደሉ ሁሉ ልክ፣ አራት ነጥቡም ሳይቀር። ከሌላው ገጽ የሚለየው ነገር የለም። ልሰርዘው ብዬ እስክሪብቶውን አነሳሁና ተውኩት። ይልቅ ከሥሩ እጽፋለሁ፤ ለኢፍቱም ዛሬውኑ አነብላታለሁ።

ነሐሴ 11 የጻፍኩት ሌላው ሁሉ እውነት ነው። «አቁሚ» ያልኩት ብቻ የለም። ድምፁ ሲመጣ ሶፊ ናት በመስታወቱ እያየችኝ «ጋሽ ዱባለ፣ ይሄ ምንድነው?» ያለችኝ። አውቀው ነበር። «የመንገዱ ጠጠር ነው፣ ንጂ» አልኳት።

መንገዱ አስፋልት ነው። እግሯን ያነሳችው ራሷ ናት።